«አዳለጠኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል? የመንሸራተት ግሦች በአደጋ ሪፖርት ላይ የሚኖራቸው ትርጉምና ውጤት



በሥራ ቦታ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ከሕክምናው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሕክምናው አስቀድሞ፣ የሚቀርብለት አንድ ወረቀት አለ። የአደጋ ሪፖርት ይባላል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በሚገኙ በርካታ ሆቴሎች፣ መጋዘኖች፣ የጽዳት ድርጅቶችና የግንባታ ሥፍራዎች ይህ ወረቀት የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። በመካከሉ «ምን ተፈጠረ?» የሚል ጥያቄና ጥቂት ባዶ መስመሮች ይገኛሉ። በእነዚያ መስመሮች ላይ የሰፈረው ቃል ከወራት በኋላ በመድን ድርጅት ባለሙያ ወይም በዳኛ ፊት ተነቦ መብትዎን ሊያጸና ወይም ሊያናጋ ይችላል።

በእርጥብ ወለል ላይ መውደቅ፣ ከመሰላል መንሸራተትና ዕቃ ከእጅ ማምለጥ በሥራ ቦታ ከሚያጋጥሙ የተለመዱ አደጋዎች መካከል ናቸው። እነዚህን ለመግለጽ እንግሊዝኛ በርካታ ግሦች ያሉት ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ «ስሊፕ»፣ «ስላይድ» እና «ስኪድ» ናቸው። በአማርኛ ሁሉንም «መንሸራተት» ብለን ልናልፋቸው እንችላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ግሥ የራሱ ሥፍራ አለው። ይህ ሰርኩላር የግሦቹን ልዩነትና አጻጻፍ እንዲሁም በመብትዎ ላይ የሚያስከትሉትን ውጤት ያብራራል።

1. ስለ አንድ ግሥ ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

በግሉ ዘርፍ የተሰማሩ ሠራተኞችን የሚመለከተው የ2021 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 33 ስለ ሥራ ላይ ጉዳት በአንቀጽ 37 ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ መሠረት አሠሪው የተጎዳውን ሠራተኛ የሕክምና ወጪ ይሸፍናል። ጉዳቱ ሠራተኛውን ከሥራ ካገደው፣ በሕክምናው ጊዜ ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ ሙሉ ደመወዙን ይከፍላል። ሕክምናው ከዚያ ከበለጠ ለተጨማሪ 6 ወር ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል። ጉዳቱ ለሞት ወይም ለዘለቄታዊ ሙሉ የአካል ጉዳት ከዳረገ ካሣው የ24 ወር መሠረታዊ ደመወዝ ሲሆን፣ ከ18,000 ድርሃም አያንስም፤ ከ200,000 ድርሃምም አይበልጥም።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 38 ደግሞ ሠራተኛው ካሣ የማያገኝባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን መጉዳቱ፣ በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር መሆኑ፣ በሥራ ቦታው በግልጽ የተለጠፈን የጥንቃቄ መመሪያ አውቆ መጣሱ ይገኙበታል።

እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ሲያነቡ የግሡ ነገር ግልጽ ይሆናል። ሪፖርቱን የሚመረምረው ሰው የሚጠይቀው «ይህ ሰው ሳያስበው አደጋ ደረሰበት ወይስ አውቆ ያደረገው ነገር ነው?» ብሎ ነው። ከእንግሊዝኛ የመንሸራተት ግሦች አንዳንዶቹ «ሳያስበው» የሚል መልስ በውስጣቸው ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ ጥያቄውን ክፍት ይተዉታል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ «አውቆ» የሚል ጥላ ያጠላሉ።

የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ፣ ማለትም በ2022 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 ነው። ይሁን እንጂ የቤት ሠራተኛም ብትሆኑ ስለ አጻጻፍ ከዚህ በታች የተመለከተው ሁሉ ይመለከታችኋል፤ በተለይ ክፍል 7ን በጥንቃቄ እንድታነቡ አደራ እንላለን።

2. አማርኛው ወደ ስሕተት የሚመራን የት ላይ ነው?

በአማርኛ «አዳለጠኝ» ስንል የግሡ ባለቤት እኛ አይደለንም። ያዳለጠው ወለሉ፣ ውሃው ወይም ጭቃው ነው፤ እኛ በመጨረሻዋ «ኝ» የተመለከትን፣ ነገሩ የደረሰብን ሰዎች ነን። «እንቅፋት መታኝ»፣ «እግሬ ከዳኝ»፣ «ከእጄ አመለጠኝ» ስንልም እንዲሁ ነው። የቋንቋችን ልማድ አደጋን ከውጭ መጥቶ ያገኘን ነገር አድርጎ ይገልጸዋል።

እንግሊዝኛ በተቃራኒው የተንሸራተተውን ሰው የግሡ ባለቤት ያደርገዋል። «አዳለጠኝ» በእንግሊዝኛ «አይ ስሊፕት» ነው። ብዙ ሰዎች «አይ» ብሎ መጀመር ጥፋትን በራስ ላይ መውሰድ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህም የአማርኛውን መልክ ለመጠበቅ ሲሉ «ሂ ስሊፕት ሚ» ወይም «ኢት ስሊፕት ሚ» ብለው ይጽፋሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም። «አይ ስሊፕት» ጥፋትን አያምንም፤ «ሳላስበው እግሬ ያዝ መሆን ትቶ ተንሸራተተ» ማለት ብቻ ነው።

በአንጻሩ «ሂ ስሊፕት ሚ» ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛ፣ በአማርኛ «አዳለጠኝ» ውስጥ ያለው ስውር ባለቤት ወለሉ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ሂ» ወንድ ሰውን ያመለክታል። አንባቢው «ማን ነው እሱ? የገፋው ሰው አለ ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አደጋው ሳይታሰብ ክስ ወደ መምሰል ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛ «ስሊፕ» የሚለው ግሥ ሰውን ተከትሎ ሌላ ነገር ሲመጣ «በስውር ሰጠ» ማለት ይሆናል። «ሂ ስሊፕት ሚ ሰም መኒ» ቢባል «ሰው ሳያይ ገንዘብ አቀበለኝ» ማለት ነው።

«ኢት ስሊፕት ሚ» የሚለውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳል። «ኢት ስሊፕት ማይ ማይንድ» የተለመደ አነጋገር ሲሆን «ረሳሁት» ማለት ነው። ስለዚህ አንባቢው ሠራተኛው አንድ መመሪያ እንደ ረሳ አድርጎ ሊገምት ይችላል። «አይ ዎዝ ስሊፕት» የሚለው ደግሞ በእንግሊዝኛ በዚህ ትርጉም አይነገርም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው በአማርኛ «በ» የምንለው ምዕላድ ነው። «በውሃ አዳለጠኝ» ስንል «በ» ምክንያቱን ያሳያል። በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚያገለግለው «ኦን» ነው፦ «አይ ስሊፕት ኦን ዘ ዌት ፍሎር»፣ «አይ ስሊፕት ኦን ኦይል»። «ስሊፕት ባይ» ከተባለ «ሳይታይ አለፈ» ወደሚል ትርጉም ይዞራል። «ስሊፕት ኢን» ከተባለም «ሾልኮ ገባ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

3. «ስሊፕ» እና «ስላይድ»፦ ዋናው ልዩነት

«ስሊፕ» ቅጽበታዊ ነው። እግር ወይም እጅ ይዞት የነበረውን ነገር ድንገት ሲለቅ ይነገራል። አካልን በሚመለከት ሲነገር ሁልጊዜ ያልታሰበ ድርጊት ነው፤ ማንም ሰው አስቦ «ስሊፕ» አያደርግም።

«ስላይድ» ግን ጉዞን ይገልጻል። አንድ አካል ወይም ዕቃ ከሌላ ገጽ ጋር ተነካክቶ ሳይለያይ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መሄዱን ያሳያል። ጉዞው ረጅምም አጭርም፣ የታሰበም ያልታሰበም ሊሆን ይችላል። ልጆች በመጫወቻ ሥፍራ ላይ እየተንሸራተቱ ሲወርዱ «ስላይድ» ያደርጋሉ፤ ተንሸራታች በርም «ስላይድ» እያደረገ ይከፈታል።

ልዩነቱ በሪፖርት ላይ ምን ያመጣል? አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ዕቃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ እንበል። «አይ ስሊድ ዳውን ዘ ራምፕ» ብሎ ብቻ ከጻፈ «በተዳፋቱ ላይ ተንሸራትቼ ወረድሁ» ማለቱ ነው፤ አንባቢው ሠራተኛው ለመፍጠን ብሎ ወይም እየቀለደ የወረደ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በተዳፋቱ አጠገብ «በዚህ መውረድ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ከሆነ ነገሩ ወደ አንቀጽ 38 ይጠጋል። «አይ ስሊፕት ኦን ዘ ራምፕ ኤንድ ስሊድ ዳውን» ብሎ ቢጽፍ ግን ሁለቱም ግሦች በየቦታቸው ገቡ፤ መጀመሪያ ሳላስበው አዳለጠኝ፣ ከዚያም ወደ ታች ተንሸራተትሁ። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ አገኘ።

ስለዚህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያስታውሱ፦ በ«ስሊፕ» አጀማመሩን፣ በ«ስላይድ» መንገዱን፣ በ«ፎል» ደግሞ ፍጻሜውን ይግለጹ። ሦስቱም ካልተፈጸሙ ሦስቱንም መጻፍ አያስፈልግም። አዳልጦዎት ሳይወድቁ ወገብዎ ከተቀጨ «አይ ስሊፕት ኤንድ ትዊስትድ ማይ ባክ» ይበቃል፤ ያልወደቁትን «ወደቅሁ» ብለው አይጻፉ።

4. ፊደሉና ጊዜው

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «አዳለጠ» የሚለው «ስሊፕ» እና «ተኛ» የሚለው «ስሊፕ» አንድ ዓይነት ሆነው ይሰማሉ። በእንግሊዝኛ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

ማዳለጥን የሚገልጸው ቃል ኤስ-ኤል-አይ-ፒ ተብሎ ይጻፋል። መተኛትን የሚገልጸው ኤስ-ኤል-ኢ-ኢ-ፒ ነው። በኃላፊ ጊዜ «አዳለጠኝ» ለማለት ፒ ፊደል ተደግሞ ኢ-ዲ ይጨመራል፦ ኤስ-ኤል-አይ-ፒ-ፒ-ኢ-ዲ። ንባቡ ግን «ስሊፕት» ነው። በድምፁ ተመርቶ ኤስ-ኤል-ኢ-ፒ-ቲ ብሎ የጻፈ ሰው «ተኛሁ» ብሎ ጽፏል። «በሥራ ሰዓት በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተኛሁ» የሚል የተፈረመ ወረቀት በአሠሪ እጅ ሲገኝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በመሆኑም ከመፈረምዎ በፊት ይህን አንድ ቃል ፊደል በፊደል ይቁጠሩት፤ አይ መኖሩንና ፒ ሁለት ጊዜ መጻፉን ያረጋግጡ።

«ስላይድ» ኤስ-ኤል-አይ-ዲ-ኢ ተብሎ ይጻፋል። በኃላፊ ጊዜ መጨረሻዋ ኢ ትወድቃለች፤ ኤስ-ኤል-አይ-ዲ ሆኖ «ስሊድ» ተብሎ ይነበባል። እንደ ሌሎች ግሦች ኢ-ዲ አይጨመርበትም። «ስኪድ» ኤስ-ኬ-አይ-ዲ ሲሆን፣ በኃላፊ ጊዜ ዲ ተደግሞ ኢ-ዲ ይጨመራል፦ ኤስ-ኬ-አይ-ዲ-ዲ-ኢ-ዲ።

የግሡ ጊዜም ትርጉም አለው። አንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል። «አይ ስሊፕ ኦን ዘ ስቴርስ» ተብሎ በአሁን ጊዜ ከተጻፈ «በደረጃው ላይ ያዳልጠኛል» ማለት ነው፤ ነገሩ የዘወትር ልማድ ይመስላል። ከሳሽ ወገን ከፈለገ «ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚወድቅ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ነው» ለማለት ሊጠቀምበት ይችላል።

ሰዓትን በተመለከተም አንድ ነገር ልናክል እንወዳለን። በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው በአገራችን አቆጣጠር አይደለም። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው በእነርሱ 9 ሰዓት ነው። በአገርኛው ተጽፎ ከሥራ መግቢያ ሰዓት በፊት የደረሰ የሚመስል አደጋ «በሥራ ላይ የደረሰ» መሆኑ ሊያጠያይቅ ይችላል።

5. ዕቃ ሲያመልጥ

በአማርኛ «ተንሸራተተ» እና «አንሸራተተ» በመነሻቸው ይለያሉ፤ የመጀመሪያው በራሱ የሆነ፣ ሁለተኛው ሰው ያደረገው ነው። በእንግሊዝኛ «ስላይድ» ለሁለቱም በአንድ መልክ ያገለግላል፤ የሚለያቸው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ብቻ ነው። «ዘ ቦክስ ስሊድ ኦፍ ዘ ፓሌት» ማለት «ካርቶኑ ከፓሌቱ ላይ ተንሸራትቶ ወረደ» ነው። «አይ ስሊድ ዘ ቦክስ ኦፍ ዘ ፓሌት» ማለት ግን «ካርቶኑን ከፓሌቱ ላይ አንሸራትቼ አወረድሁት» ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ቦታቸው ሲለወጥ ተጠያቂው ይለወጣል።

ዕቃው በእጅዎ የነበረ ከሆነ ትክክለኛው አገላለጽ «ኢት ስሊፕት አውት ኦቭ ማይ ሃንድስ» ነው፤ «ከእጄ አመለጠኝ» ማለት ነው። «አይ ድሮፕት ኢት» ቢባል «ከእጄ ጣልሁት» ማለት ሲሆን፣ ሆን ተብሎ ባይሆንም ድርጊቱን ለእርስዎ ይሰጣል። ከሁሉ አደገኛው «ጣልሁት» የሚለውን አማርኛ በቀጥታ ወስዶ «አይ ስሩ ኢት» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ «ወረወርሁት» ማለት ነው። በሕጉ መሠረት ለጠፋ ወይም ለተሰበረ ንብረት ከደመወዝ የሚደረግ ቅናሽ ከሠራተኛው ጥፋት ወይም ከመመሪያ ጥሰት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በ«አመለጠኝ» እና በ«ወረወርሁት» መካከል ያለው ርቀት የገንዘብ ርቀትም ነው።

6. «ስኪድ»፣ «ትሪፕ» እና ሌሎች

«ስኪድ» በዋናነት የተሽከርካሪ ነው። ጎማ መንገድ መያዝ ትቶ ሲንሸራተት ይነገራል። ሞተር ብስክሌት የምታሽከረክሩ ዕቃ አድራሾች መንገድ ላይ በተከማቸ አሸዋ ወይም በፈሰሰ ዘይት ምክንያት አደጋ ሲደርስባችሁ «ማይ ሞተርሳይክል ስኪድድ ኦን ሳንድ» ብላችሁ ጻፉ። ሞተሩ ወድቆ በጎኑ አስፋልቱን እየፋቀ የሄደው «ስሊድ» ነው። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ የትራፊክ መርማሪው በመሬት ላይ ካየው ምልክት ጋር ቃልዎ እንዲስማማ ያደርጋል።

«ትሪፕ» የመንሸራተት ግሥ ባይሆንም ከ«ስሊፕ» ጋር ስለሚምታታ እናነሳዋለን። እግርዎ በአንድ ነገር ተጠልፎ ወይም እንቅፋት መቶዎት ከወደቁ «አይ ትሪፕት ኦቨር ኤ ኬብል» ይባላል። ልዩነቱ ምርመራው ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። «ስሊፕት» ካሉ መርማሪው የሚፈልገው ውሃ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ያለቀ ጫማ ነው። «ትሪፕት» ካሉ ሽቦ፣ የተነሣ ምንጣፍ፣ የተሰበረ ሴራሚክ ይፈልጋል። በሽቦ ተጠልፈው ሳለ «ስሊፕት» ብለው ከጻፉ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ እውነተኛው ቃልዎም ሐሰት ይመስላል።

«ግላይድ» ያለ ምንም ችግር በለስላሳው መሄድን፣ «ስሊዘር» እንደ እባብ መሳብን ይገልጻሉ። በአደጋ ሪፖርት ላይ ቦታ የላቸውም። በሌላ በኩል ሐኪም በሕክምና ወረቀትዎ ላይ «ስሊፕድ ዲስክ» ብሎ ከጻፈ የተንሸራተተው እርስዎ አይደሉም፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው መውጣቱን ነው የሚገልጸው። ጉዳቱ የደረሰብዎ ከባድ ዕቃ ሲያነሡ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ «አይ ዎዝ ሊፍቲንግ» ብለው ማንሳትዎን ይጻፉ እንጂ የሐኪሙን ቃል አይተው «አይ ስሊፕት» አይበሉ።

7. በአንዲት ቃል ተጨማሪነት የሚለወጥ ትርጉም

ከ«ስሊፕ» ቀጥሎ የምትመጣ ትንሽ ቃል መላውን ትርጉም ልትገለብጥ ትችላለች።

«አይ ስሊፕት አፕ»፦ «ተሳሳትሁ፣ ጥፋት ሠራሁ» ማለት ነው። ደረጃ ሲወጡ ያዳለጠው ሰው «ወደ ላይ» ለማለት ብሎ «አፕ» ቢጨምር ሳያውቅ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። «አይ ስሊፕት ኦን ዘ ስቴርስ» ይበሉ፤ ወደ ላይ ይወጡ እንደነበር በሌላ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።

«አይ ሌት ኢት ስላይድ»፦ «እያወቅሁ ችላ አልሁት» ማለት ነው። ዕቃው ተንሸራተተ ለማለት አያገለግልም።

«አይ ሌት ኢት ስሊፕ»፦ «ይዤ ሳለሁ ለቀቅሁት» ወይም «ምስጢር አመለጠኝ» ማለት ነው። ሁለቱም ለእርስዎ የሚበጁ አይደሉም።

«አይ ስሊፕት አውት»፦ «ሾልኬ ወጣሁ» ማለት ነው። ይህ በተለይ በቤት ውስጥ ሥራ ለተሰማራችሁ እህቶቻችን የሚመለከት ነው። አሠሪ ሠራተኛዋ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መጥፋቷን ለባለሥልጣን ሊያሳውቅ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ የሚያስከትለው ችግር ከባድ ነው። ታምማ ወደ ሐኪም፣ ወይም በደል ደርሶባት ወደ ፖሊስ የሄደች ሠራተኛ በጽሑፍ ቃሏ ላይ «አይ ስሊፕት አውት ኦቭ ዘ ሃውስ» ብትል ተደብቃ እንደ ወጣች ራሷ መስክራለች። ትክክለኛው ቃል «ሌፍት» ነው፦ «አይ ሌፍት ዘ ሃውስ አት ቱ ኦክሎክ ቱ ጎ ቱ ዘ ፖሊስ»፣ ማለትም «ወደ ፖሊስ ለመሄድ በስምንት ሰዓት ከቤት ወጣሁ»። ሰዓቱና የወጡበት ምክንያት በአንድነት መጻፋቸው ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው።

8. አንድ ምሳሌ

በአንድ ምግብ ቤት የምትሠራ ሠራተኛ በእርጥብ ወለል ላይ ወድቃ የግራ ክርኗን ተጎዳች እንበል። ሪፖርቷ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«አት አባውት ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ አይ ዎዝ ኬሪንግ ኤ ትሬይ ፍሮም ዘ ኪችን። ዘ ፍሎር ዎዝ ዌት። ዘር ዎዝ ኖ ዎርኒንግ ሳይን። አይ ስሊፕት ኦን ዘ ዌት ፍሎር ኤንድ ፌል። አይ ሂት ማይ ሌፍት ኤልቦው። ዘ ትሬይ ስሊፕት አውት ኦቭ ማይ ሃንድስ።»

ትርጉሙ፦ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከወጥ ቤት ትሪ ይዤ በመውጣት ላይ ነበርሁ። ወለሉ እርጥብ ነበር። የማስጠንቀቂያ ምልክት አልነበረም። በእርጥቡ ወለል ላይ አዳለጠኝና ወደቅሁ። የግራ ክርኔን መታኝ። ትሪው ከእጄ አመለጠ።»

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሰዓቱ፣ ሲሠራ የነበረው ሥራ፣ ምክንያቱ፣ አደጋውና ጉዳቱ በየተራቸው ሰፍረዋል። «ይመስለኛል»፣ «የእኔ ጥፋት»፣ «ይቅርታ» የሚሉ ቃላት የሉበትም። በአገራችን ትሕትና «ይቅርታ» ማለት መልካም ጠባይ ነው፤ በሪፖርት ላይ ግን ጥፋትን እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ምሳሌውን እንዳለ አይገልብጡ። ምልክቱ ተቀምጦ ከነበረ «አልነበረም» ብለው አይጻፉ፤ በካሜራ የሚስተባበል አንድ ቃል እውነተኞቹን ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

9. ከመፈረምዎ በፊት

በአገሪቱ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው ዐረብኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ የጻፉት ቃል ክርክር ከተነሣ በፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ዐረብኛ ይመለሳል። በዐረብኛ «ኢንዘለቀ» የሚለው ግሥ «ስሊፕ»ንም «ስላይድ»ንም ሊወክል ይችላል። ስለዚህ በግሡ ብቻ አይተማመኑ፤ «ወለሉ እርጥብ ነበር» የሚለውን የምክንያት ዓረፍተ ነገር ምንጊዜም ለብቻው ይጻፉ። ግሡ በትርጉም መካከል ቢደበዝዝ እንኳ ምክንያቱ ይቀራል።

በእንግሊዝኛ በደንብ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በአማርኛ ጽፈው ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝ ይጠይቁ። ሌላ ሰው ሲሞላልዎ ቃል በቃል እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ በተለይ ግሡን ጠይቀው ይወቁ። ያልገባዎትን ወይም ባዶ ቦታ ያለበትን ወረቀት አይፈርሙ። የተሳሳተ ቃል ካገኙ ከፊርማ በፊት እንዲታረም ያድርጉ፤ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ ከተፈረመ በኋላ ማስተካከል እጅግ አዳጋች ነው። የፈረሙትን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ፤ ከተከለከሉ ቢያንስ በስልክዎ ፎቶግራፍ ለማንሳት ይሞክሩ። ለሐኪሙ የሚናገሩትና በሪፖርቱ ላይ የሚጽፉት አንድ ይሁን፤ የሕክምና ማስረጃው ሁለተኛው ምስክርዎ ነውና።

ይህ ሁሉ ግን ከጤናዎ በኋላ የሚመጣ ነው። ከባድ ጉዳት ሲደርስብዎ ማንም ወረቀት ቢያቀርብልዎ በቅድሚያ አምቡላንስ በ998፣ ፖሊስ በ999 እንዲጠራልዎ ይጠይቁ። ሪፖርቱ አእምሮዎ ሲረጋ ይሞላል።

የጻፉትን ወይም የተጻፈልዎትን የአደጋ ሪፖርት ከመፈረምዎ በፊትም ሆነ ከፈረሙ በኋላ ለማስመርመር ከፈለጉ፣ ወረቀቱን ወይም ፎቶግራፉን ይዘው በአቡ ዳቢ ወደሚገኘው ኤምባሲያችን ወይም በዱባይ ወደሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ይቅረቡ። መምጣት የማይችሉ ከሆነ በሚያምኑት ሰው በኩል ይላኩ። ይህን ሰርኩላር ላልደረሳቸው የሥራ ባልደረቦችዎ ያካፍሉ፤ ማንበብ ለሚቸግራቸውም ያንብቡላቸው።

ከአክብሮት ጋር

የሠራተኛ ጉዳይ አታሼ